ከቁም ሣጥን ውስጥ የተላለፈ

አዲስ አበባ ውስጥ ድምፁ ትንሽ ወፈር ያለ ወንድ ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ «አንተ እኮ ሬዲዮ መግባት ነበረብህ» ተብሏል። ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ መንገደኛ፣ ለቅሶ ቤት ያገኘው የሩቅ ዘመድ፣ ወይም ብድር ለመጠየቅ ጉሮሮውን የሚጠርግ የሥራ ባልደረባ ነው። ምስጋናው ከየትም ይምጣ፣ አንዴ ከገባ አይወጣም። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ቤቱ ገብቶ «ውኃ አምጡልኝ» ሲል እንኳ የሁለት ሰዓት ዜና የሚያነብበት ቃና ይይዘዋል። እኔንም ለክፎኛል።

ድሮ ለዚህ ልክፍት መድኃኒት ነበረው። ጣቢያው አንድ፣ በሩ ጠባብ፣ ፈታኙ ብዙ ስለነበር ሰው በጊዜ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። አሁን ከልካይ ጠፋ። ላፕቶፕና መኝታ ቤት ያለው ሁሉ መጽሐፍ ሊተርክ፣ መዝሙር ሊቀዳ፣ ነጠላ ዜማ ሊለቅ ይችላል። የቀረው ማይክ መግዛት ብቻ ነው ይሉሃል። «የቱን ማይክ?» ብለህ ጠይቅ እንግዲህ! በዚህች ከተማ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ራሱ ቀድቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እኔ የተመኘሁት ትረካ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ትረካ» ሲል ወጋየሁ ንጋቱን ማለቱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ግን መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀውም ሁሉ አነበብኩ ማለት ጀመረ። እኔ ዘንድ የመጽሐፉ ጉዱ ካሣ እስከ ዛሬ የሚናገረው በወጋየሁ ጉሮሮ ነው። እርግጥ እኔ የምተርከው የራሴን ወጎች ነው፤ ደራሲውን ማስፈቀድ ስለማያስቸግር።

በቤተሰባችን የቀረጻ ጉዳይ አማካሪ የእህቴ ልጅ ነው። ዘፋኝ ነው፤ ማለቴ ገና ዘፈን አላወጣም፣ ዕቃ እያሟላ ነው። ሐሳቤን ስነግረው ጊዜ አላጠፋም። «ጋሼ፣ ኮንደንሰር ነው። ሌላው ቀልድ ነው» አለና ስልኩ ላይ የጀርመኑን ኖይማን ዩ 87 አሳየኝ። መልኩ እንኳ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣ ጀምሮ የስንት ታላላቅ ድምፃውያንን ትንፋሽ የተቀበለ ማይክ ነው። ዋጋው ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ነው። ወደ ብር መንዝሬ ልጽፈው አስቤ ተውኩት፤ ጽሑፉ እስኪታተም ምንዛሪው ይለወጣል። ብቻ ማይኩን ለመግዛት ቤቱን መሸጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ የት ሆኜ ልቀዳ? ይህን ስጠይቀው «እሱ በኋላ ይታያል» አለኝ።

እሱ ራሱ የገዛው ርካሽ ኮንደንሰር ነው፤ አሠራሩ ግን ከውዱ ጋር አንድ ነው። ከፀጉር በብዙ የቀጠነ፣ ወርቅ የተቀባ ሽፋን ከአንድ የብረት ዝርግ ፊት ለፊት ተወጥሮ ይቀመጣል። ድምፅ ሲነካው ይርገበገባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ኤሌክትሪኩ አብሮ ይለዋወጣል። ሽፋኑ እንዲያ ስስ ስለሆነ ለኮሽታው ሁሉ ይነቃል። ለዚህ ሥራው ግን በገመዱ በኩል 48 ቮልት ይፈልጋል፤ ፋንተም ፓወር የሚሉት እሱን ነው።

የ48 ነገር ሳይነገር አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኖይማን ለኖርዌይ ሬዲዮ በገመዱ በኩል ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ማይክ ሲሠራ፣ የኖርዌይ ክረምት ጨለማ ነውና ስቱዲዮዎቹ ውስጥ ለመጠባበቂያ መብራት የተዘረጋ የ48 ቮልት መስመር ነበር። ማይኩም ከዚያው እንዲመገብ ተደረገ፤ 48ም በዚያው የዓለም ደንብ ሆኖ ቀረ። ይህን ሳነብ ቁጭት ያዘኝ። በመብራት መጥፋት እኛ ከኖርዌይ የምናንስ ሰዎች ነን? ልምዱ ሞልቶን፣ ቮልቱን ለዓለም ማበርከቱ ላይ ተቀደምን።

አንድ እሑድ ጠዋት የእህቴ ልጅ ሲቀዳ ልታደም ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። መስኮቱን ዘጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዘፈነ። ከዚያ ተቀምጠን ሰማነው። መጀመሪያ የመጣው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ነው። ቀጥሎ ከላይኛው ፎቅ የቡና ሙቀጫ፤ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ከዘፈኑ ምት ጋር በምንም ተአምር የማይገጥም። ታች መንገዱ ላይ «ሃያ ሁለት! ሃያ ሁለት!» የሚል ወያላ። «ቆራሌው!» የሚል ባለ ጆንያ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ይበልጥ ቀርቦ። ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት ባሏን ትናንት ማታ የት እንዳመሸ ትጠይቃለች። የእህቴ ልጅም አለ፤ በእነዚህ ሁሉ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ይዘፍናል። ዘፈኑን ትተን ያቺን ሴት ደጋግመን ሰማናት። ባልየው መልስ ሊሰጥ ሲል ያው ቆራሌው ገባበትና አመለጠን።

እስከ ዛሬ የምከራከርበት አቋሜ የተወለደው እዚያ ነው። ውድ ማይክ ለውድ ጸጥታ ነው። የታወቀ ስቱዲዮ ማይኩን ከመግዛቱ በፊት ለግድግዳው፣ ለበሩና ለጣሪያው ከስክሶ ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ ሁሉን የሚሰማ ማይክ ቢያስገባ የሚሰማለት ዘፋኙን ነው። እኛ ጋ ሁሉን የሚሰማ ማይክ የሚሰማው ሰፈሩን ነው። ሰፈሬን ደግሞ ያለ ማይክም እሰማዋለሁ።

ስለዚህ ዳይናሚክ ወደሚባለው ዘር ዞርኩ። የዚህኛው ሽፋን ወፈር ያለ ነው፤ ጀርባው ላይ የሽቦ ጥቅል ተጣብቆበት ማግኔት መካከል ይርገበገባል። ሞንታርቦ ውስጥ ያለው ስፒከር ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ድምፅ ያወጣል፤ ይህ ድምፅ ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ ሥራው ተገለበጠ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። 48 ቮልት አይጠይቅም። ቢወድቅም አይሞትም። ከዚህ ዘር ሁላችንም የምናውቀው በየሠርጉና በየመድረኩ የሚታየው፣ ራሱ ክብ የሽቦ ወንፊት የሆነው የሹር ኤስ ኤም 58 ነው። ይህ ማይክ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የዚያ ዓመት አብዛኛው ክፍል በእኛ አቆጣጠር 1958 ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመበት። ማይኩ 58፣ መጽሐፉ 58! እንዲህ ያለ ምልክት ከላይ ካልመጣ ከየት ይመጣል? የእህቴ ልጅ «አጋጣሚ ነው» አለኝ። እምነት የጎደለው ትውልድ።

ይበልጥ የወደድኩለት ግን ጠባዩን ነው። ካርዲዮይድ ይሉታል፤ የሚሰማበት አቅጣጫ ሲሳል የልብ ቅርጽ ያወጣል። ከፊቱ የሚነገረውን ይሰማል፣ ከጎኑ በግማሽ ጆሮ፣ ከጀርባው የሚወራውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በእኛ ሰፈር ከጀርባ የሚወራውን የማይሰማ ፍጡር ብርቅ ነው። ጥቅሙም ቀላል አይደለም፤ ጀርባውን ወደ መስኮቱ፣ ፊቱን ወደ አንተ አድርገህ ብታቆመው የመንገዱን ጩኸት ግማሽ ያህል ያለ ወጪ ተገላገልክ።

የእህቴ ልጅ አሁንም አፍንጫውን ነፋ። ዳይናሚክ የመድረክ ነው፣ የቀረጻ አይደለም አለ። ያኔ ማይክል ጃክሰንን አመጣሁበት። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ትሪለር» ላይ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን የማይክልን ድምፅ የቀዳው በኤስ ኤም 7 ነው፤ እሱም ከሹር ቤት የወጣ ዳይናሚክ ነው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ ማይክል ጃክሰን እኮ ማይክል ጃክሰን ነው» አለኝ። እኔስ ምን እያልኩ ነው?

ኤስ ኤም 7ን ራሱን ለምን አልገዛህም የሚል አይጠፋም። የዛሬው ዝርያው አራት መቶ ዶላር አካባቢ ነው፤ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ደካማ ስለሆነ ለንግግር 60 ዴሲቤል ያህል ማጉያ ይፈልጋል። ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው ርካሽ ሳውንድ ካርድ እዚያ ሲደርስ መተንፈስ ያበዛል፤ ሽሽሽ ይላል። ያን ለማስቀረት በመካከል ሌላ አጉዪ ትገዛለህ። ማይኩን ለመርዳት የተገዛውን ለመርዳት የሚገዛ ዕቃ ሲመጣ ኪሴን ዘጋሁ። 58ም ለስላሳ ለሚናገር ሰው ብዙ ጌይን፣ ማለትም ማጉያ፣ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ልክፍቴ የታወቀ ነው፣ በለስላሳ አልናገርም።

መርካቶ ያለው ባለ ሱቅ ወጣትና ትሁት ነው። «ጋሼ፣ ሦስት ዓይነት አለን፤ ኦሪጅናል፣ ኦሪጅናል ኮፒና ኮፒ» አለኝ። በኦሪጅናልና በኦሪጅናል ኮፒ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ብለው «ዋጋው» አለ። ነጋዴ እንዲህ እውነት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ማይክ በዓለም ላይ በብዛት ተመሳስለው ከሚሠሩት አንዱ ነው። የእውነተኛው ክብደት 298 ግራም መሆኑን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ልጁ ሚዛን ስላልነበረው ሁለት ማይክ ይዘን ማዶ ቅመም ወደሚሸጡ እናት ተሻገርን። እሳቸው ኮረሪማውን ከሚዛኑ ላይ ጠርገው «ይኼ ደግሞ ከምን ጋር ነው የሚፈጨው?» አሉ። ኦሪጅናል ኮፒው ሲመዘን ከ298 በብዙ ጎደለ። እናት በርበሬ ውስጥ ሸክላ የሚጨምሩትን ሲከታተሉ የኖሩ ናቸውና አገላብጠው አይተው «ውስጡ ባዕድ ነገር አለ» ብለው ፈረዱ። ሁለተኛው ልክ 298 ላይ ቆመ። ክብደት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ አስመሳዩም ሚዛን መግዛት ይችላል። ቢሆንም እንዲያ ባለ ዳኛ ፊት ቆሞ ያለፈ ዕቃ ከዚያ በላይ አይጠየቅም ብዬ ከፈልኩ። እስከ ዛሬ ጠጋ ብዬ ስተርክ ኮረሪማ ይሸተኛል።

ስታንድና ገመድ ገዛሁ፤ ስለ እነሱ የሚወራ ብዙ የለም። ስታንዱ የማይወድቅ ይሁን። ማይኩን በእጅ ይዞ መተረክ የጣትን እንቅስቃሴ ሁሉ ያስቀዳል። ገመዱ ባለ ሦስት እግሩ ኤክስ ኤል አር ነው። ወርቅ የተነከረ እያሉ እጥፍ ዋጋ የሚጠሩበትን እለፈው፤ ትረካህ በወርቅ አይጣፍጥም።

ማይኩ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ አይሰካም። መሐል ላይ ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚሉት፣ ልጆቹ ሳውንድ ካርድ የሚሉት ትንሽ ሣጥን ይገባል። ከማይኩ የመጣውን ኤሌክትሪክ አጉልቶ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ድምፄን ይለካል። ሚስቴን ጨምሮ ይህን ያህል ትኩረት የሰጠኝ ፍጡር የለም። ሣጥን አልፈልግም ለሚል ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክ አለ፤ ሳውንድ ካርዱ ሆዱ ውስጥ ነው። ብቻውን ለሚተርክ ሰው ዩኤስቢ አያሳፍርም፤ «እሱ የልጅ ነው» የሚሉት ሰዎች የሚሸጡልህ ሣጥን ያላቸው ናቸው። እኔ ሣጥኑን የመረጥኩት መብራቶቹን ስለወደድኳቸው ነው። ድምፅ ሲገባ አረንጓዴ ያበራል፣ ከመጠን ሲያልፍ ቀይ። ጌይኑን ሳስተካክል ትልቁ ጩኸቴ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም አደርጋለሁ። ዜሮን የነካ ድምፅ ተሰንጥቋል፤ አዋቂ ቢጠራበት አይድንም። አንሶ የተቀዳ ግን በኋላ ሊጎላ ይችላል፤ 24 ቢት ቀረጻ ለዚህ ሰፊ ነው።

ሄድፎን ላይ ስደርስ ነው ጉዱ የመጣው። የሚገዛው ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋው ዓይነት ነው፤ ክፍቱ የሚያሰማህን መልሶ ለማይኩ ያቀብላል፤ ዘፋኝ ከሆንክ ሙዚቃው ሁሉ ድምፅህ ላይ ይታተማል። ዘጊውን አጥልቄ የመጀመሪያዋን አንቀጽ ተረኩና አዳመጥኩ። አንድ ቀጭን ሰውዬ የእኔን ወግ ያነባል። «ማነው ይሄ?» አልኩ። ሚስቴ ከወጥ ቤት «አንተ ነህ» አለች፣ ምንም ሳትደነግጥ። ሰው የራሱን ድምፅ ሲናገር የሚሰማው በአየር ብቻ አይደለም፣ በራሱ አጥንትም ጭምር ነው፤ አጥንቱ ደግሞ ወፍራሙን ክፍል ይጨምርለታል። የሬዲዮ ድምፄ ጉልህ ድርሻ ለካ ከራስ ቅሌ ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ ታክሲ ውስጥ ያመሰገኑኝ ሰዎች ምን ሰምተው ነው? ብድሩን የወሰደውን አውቀዋለሁ፤ ሌሎቹን ግን እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

በዚህ ሐዘን ላይ ሳለሁ ነው የሰፈራችንን ጡረተኛ የሬዲዮ ቴክኒሺያን የጠራሁት። ማይኬን ላሳያቸው አወጣሁ፤ አላዩትም። ሳሎኑ መሐል ቆሙና አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ደገሙት። ሳሎን፣ ኮሪደር፣ ጓዳ፣ መኝታ ቤት፣ በየሄዱበት ጭብጨባ፤ እኔ ማይክ ይዤ ከኋላ፣ ሚስቴ ጀበና ይዛ ከእኔ ኋላ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እሰይ! ልጅቷ ተጠየቀች እንዴ?» አለች።

ሳሎን ውስጥ ጭብጨባው «ጯ» ብሎ ከሲሚንቶው ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። መኝታ ቤት፣ የተከፈተው ቁም ሣጥን ፊት ለፊት ግን «ጭብ» ብሎ እዚያው ይቀራል። «ስቱዲዮህ ይኼ ነው» አሉኝ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ ከግድግዳ ተመልሶ ማይኩ ጋ የሚደርሰው ከዋናው በጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ጆሮ ሁለቱን ለየብቻ አይለያቸውም፤ «ይህ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ነው» ብሎ ብቻ ይፈርዳል። የተሰቀለ ካፖርት፣ የታጠፈ ጋቢ፣ የሚስቴ የሐበሻ ቀሚሶች ግን ድምፁን መጠው ያስቀሩታል። «ማይኩን ተወው፤ መጀመሪያ ቤቱን አስተካክል» ብለው ቡናቸውን ሊጠጡ ተቀመጡ።

ኮንደንሰር ጆሮ ጠቢ ነው የሚለውን ፍልስፍናዬን ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና «ጠቢው ማይኩ ሳይሆን ርቀቱ ነው» አሉኝ። ዘፋኙ ከማይኩ አንድ ክንድ ርቆ ከቆመ የእሱ ድምፅ እየሳሳ ይደርሳል፤ ርቀቱን በግማሽ ባሳጠርክ ቁጥር ድምፅህ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጎላል፣ ቆራሌው ግን ያው ባለበት ነው። 58 ጨዋ የሚመስለው ሰው ከንፈሩ ላይ ለጥፎ ስለሚይዘው፣ ከላይኛውም ቀጭን ድምፅ እንደ ኮንደንሰር ሁሉን ስለማያነሳ ነው አሉ። ከፍልስፍናዬ ግማሹን ለእሳቸው አክብሮት ለቀቅኩ። ግማሹን ግን ይዣለሁ፤ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ወጥተው አልሰሙም።

ያን ጊዜ የሰጡኝ ሌላ ምክር ሐዘኔን አስረሳኝ። ካርዲዮይድ ማይክ ሲጠጉት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። አንድ ስንዝር ርቀህ ስትናገር ተራ ሰው ነህ፤ አራት ጣት ላይ ስትደርስ የሥራ ኃላፊ ትሆናለህ፤ ሁለት ጣት ላይ ለሕዝብ መግለጫ የምትሰጥ ባለሥልጣን። ራስ ቅሌ ውስጥ የቀረው ድምፄ በሁለት ጣት ርቀት ተመለሰልኝ! ችግሩ፣ እንዲያ ስትጠጋ «ፐ» እና «ፍ» ማይኩን በትንፋሽ ይመቱታል። «ፒያሳ» ስል ፍንዳታ፣ «ፖሊስ» ስል ሌላ ፍንዳታ፤ የከተማ ወግ ደግሞ ያለ ፒያሳና ያለ ፖሊስ አይጻፍም። ለዚህ ፖፕ ፊልተር የሚባል ጨርቅ የተወጠረበት ቀለበት ይሸጣል። እኔ የልብስ መስቀያ ሽቦ አጥፌ የሴት ስቶኪንግ ወጠርኩበት፤ እኩል ይሠራል። ስቶኪንጉን ስገዛ ሻጯ «የስንት ቁጥር?» አለችኝ። «ለማይክ ነው» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ከዚያ በላይ ደግሞ ማይኩን ከአፍ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ማዘንበል ይረዳል፤ ትንፋሹ አልፎ ይሄዳል፣ ድምፁ ይቀራል።

የቤቱን ማስተካከል ሥራ የጀመርኩት ከቡልኮው ነው። ሚስቴ ከእናቷ የወረሰችው ቡልኮ አለ፤ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ከጀርባዬ ሰቀልኩት። ከግራ የእንግዳ ፍራሽ አቆምኩ። ከፊቴ የተከፈተው ቁም ሣጥን ከነልብሱ። የእህቴ ልጅ ሊጎበኝ መጥቶ «የእንቁላል ትሪ ለጥፍበት እንጂ» አለኝ፤ እሱ ቤቱን በሙሉ ለጥፎታል። የእንቁላል ትሪ የሚጠብቀው እንቁላልን ነው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ከማሚቶው ጥቂት ቀጫጭኑን ቢያደበዝዝ ነው፤ ወፍራሙን አያውቀውም። የጎረቤትን ጠብ ደግሞ ትሪም ቡልኮም አያግደውም። ድምፅ ለማገድ ክብደት ያስፈልጋል፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ነፋስ የማያስገባ በር። ቡልኮ የሚችለው ውስጥ ያለውን መምጠጥ ነው። ሁለቱን ነገሮች የማይለዩ ሰዎች ስፖንጅ እየገዙ ግድግዳቸውን ያለብሳሉ፤ ከዚያ ወያላው አሁንም ሲሰማቸው ስፖንጁን ይሳደባሉ።

ውጭውን በሰዓት ምርጫ ነው የምዋጋው። ቀን አይታሰብም። ማታ ቴሌቪዥን አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሾቹ ስብሰባ ይጀምራሉ፤ አጀንዳቸው ሰፊ ነው። ወደ ንጋቱ የቅዳሴውና የአዛኑ ሰዓት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ እኔ ዝም ማለት እንጂ እሱን ዝም በል ማለት አይቻልም፣ አይገባምም። የቀረችኝ በውሾቹ ጉባኤ ማብቂያና በንጋቱ መካከል ያለች ጠባብ ሰዓት ናት። ክረምት ሲገባ እሷም የለችም። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዩ 87ም፣ 58ም፣ ወጋየሁ ራሱም ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ጣቢያችን ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝግ ነው።

ሚስቴ መጀመሪያ ሌሊት ስትነቃ ባሏ ቁም ሣጥን ውስጥ ራሱን ከትቶ ከቀሚሶቿ ጋር በባለሥልጣን ድምፅ ሲያወራ አገኘችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጸበል ልውሰድህ?» አለች። ጥያቄዋ ተቀድቷል፤ በጣም ጥርት ብሎ። እንዲያውም ከእኔ ትረካ ይልቅ የእሷ ድምፅ ማይኩን እንደሚስማማው ቴክኒሺያኑ መስክረዋል። ይህን አልነገርኳትም። ቤት ውስጥ አንድ ማይክ ብቻ ነው ያለው።

ብቻ በዚህ ሁሉ ትግል መሃል አንድ ወግ ተቀድቶ አለቀ። የብል መድኃኒት እየሸተተኝ፣ በላብ ተጠምቄ፣ ጥርት ያለ፣ ማሚቶ የሌለበት ወግ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ላለችው ታናሽ እህቴ ላክሁላት። በነጋታው ደወለች።

«ወንድምጋሼ፣ ሰማሁት እኮ። በጣም ጥሩ ነው።»

«ድምፁስ?»

«ጥሩ ነው አልኩህ እኮ። ግን መጨረሻ አካባቢ፣ ከኋላ፣ በሩቁ… ቆራሌው አለ አይደል?»

ልቤ ወረደ። ነግቶብኝ ቸኩዬ የቀዳኋት አንቀጽ ናት። ማስረዳት ጀመርኩ፤ ካርዲዮይድ፣ ቡልኮ፣ ርቀት።

«አይ፣ አይ! እሱን እኮ ስንቴ መሰለህ የሰማሁት። ሥራ ቦታ ላሉት ልጆችም አሰማኋቸው፤ አንዷማ አለቀሰች» አለች። «ወንድምጋሼ፣ እስቲ ረዘም አድርገህ ቅዳልን። ቆራሌውን፣ ወያላውን፣ ቡና ሲወቀጥ፣ ዶሮ ሲጮህ። አንድ ግማሽ ሰዓት ያህል። እንከፍልሃለን።»

«እኔ በመሃል እየተረክሁ?»

ትንሽ ዝም አለች። «አንተ… ባትናገርበት ይሻላል።»

58ን አውጥቼ በረንዳ ላይ አቆምኩት። ጨዋ ነው፤ ሁለት ስንዝር ላይ ካልተነገረው ግድ የለውም። ሰፈሩን በሙሉ አቅርቦ ሊሰማ የሚችል፣ ለኮሽታው የሚነቃ፣ 48 ቮልት የሚበላ ማይክ ያስፈልጋል። ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ነገሩን በጥሞና ሰማኝ። ዘፋኙ ባይወጣለትም ነጋዴው ቶሎ ወጣለት።

«ኮንደንሰሩ በሰዓት ነው የሚከራየው ጋሼ። ሃያ ሁለት የሚለው ወያላ ከተፈለገ ግን የሚሰማው እኔ ጋ ነው፤ በረንዳው ለብቻ ይታሰባል። ባልና ሚስቱ ደግሞ…»

«እነሱን እንኳ ተዋቸው» አልኩት።

«ታርቀዋል መሰለኝ» አለ፣ ቅር እያለው። «ያለ እነሱ ከሆነ ቅናሽ አደርጋለሁ።»